የንድፍ ፋይሎችን በየምዕራፉ ስለ ማስቀመጥ፦ ከሶር አካባቢ የተነሣ አስተያየት

ከመቱ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ነው። እንደ ያዶትና ደምቢ ሁሉ፣ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ተነጥሎ ለአካባቢው ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ሲሆን ከሦስቱ ትልቁ እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ተርባይኑን የሚያድስም ሆነ የውኃ መግቢያውን የሚጠግን መሐንዲስ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር በእርግጥ እንዴት ተሠራ? መልሱ በኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብሯል። ኮንክሪቱን ሳያፈርሱ መልሱን ማግኘት የሚቻለው ንድፉ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ንድፍ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእጅ፣ በቀለምና በአሳላፊ ወረቀት ነበር። ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ስለሚሠራ መዝገባችን ይበልጥ የተጠበቀ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ተቃራኒው ነው። በኢሉባቦር እርጥበት ወረቀት ይሻግታል፤ ጉዳቱ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣና በዓይን የሚታይ ነው። ፋይል የሚጠፋው በአንድ ጊዜና ያለ ድምፅ ነው፤ መጥፋቱም የሚታወቀው በተፈለገበት ቀን ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ በአካባቢው የሚገኝ የአንድ ሕዝባዊ ሕንፃ ንድፍ ባስፈለገኝ ጊዜ ይህን በቅርብ አየሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ «የመጨረሻ» የሚል ስም የያዙ አራት ፋይሎች ተገኙ። የትኛው እንደ ጸደቀ፣ በየትኛውም እንደ ተገነባ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። በአንደኛው ላይ የአምዶቹ ስፋት በሜትር ከለካሁት ጋር አልገጠመም። በሌላው ላይ የአማርኛ ማስታወሻዎቹ ትርጉም ወደሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተለውጠው ነበር፤ ምክንያቱም የተጻፉት ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የፊደል ቅርጽ ሲሆን ያ የፊደል ቅርጽ በማሽኑ ላይ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም አሮጌዎቹ የፊደል ቅርጾች ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። ፋይሉ ሳይጠፋ ንባቡ ጠፋ ማለት ነው።

የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ማስቀመጥ ለምን አይበቃም? ንድፍ በግንባታ ዘመኑ ብዙ ጊዜ ስለሚለወጥና ማስረጃው ያለው በልዩነቱ ላይ ስለሆነ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለግንባታ ፈቃድ ፕላን እንዲቀርብ አዝዟል። ፈቃድ ያገኘው ፕላን ግን ለጨረታ ከቀረበው፣ የጨረታውም ከተሠራው ሊለይ ይችላል። እንደ መቱና ጎሬ ባለ ዝናባማ አገር መሠረት ሲቆፈር ያልታሰበ ልል አፈር ወይም ውኃ ቢገኝ መሠረቱ ይለወጣል። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ አንድ ፎቅ ልጨምር ሲል መሐንዲሱ ማወቅ የሚኖርበት መሠረቱ እንደ ተለወጠ ብቻ አይደለም፤ ለምን፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደ ተለወጠም ነው። ይህን ካላገኘ ወይ ኮንክሪቱን ይበሳል፣ ወይ ይገምታል። ግምቱ ቢስት ዋጋውን የሚከፍሉት በሕንፃው ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሥራ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ችግሩ ይበረታል። በዚሁ በኢሉባቦር፣ በያዩ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እጅ መውጣቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚረከብ ማንም ቢሆን የትኛው ንድፍ በምን ደረጃ ላይ እንደ ቆመ የሚያሳይ የታተመ መዝገብ ከሌለው ከመነሻው ሊጀምር ይገደዳል።

ስለዚህ በአምስት ምዕራፎች ላይ የማይነካ ቅጂ እንዲቀመጥ አሳስባለሁ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ንድፍ ሲጸድቅ፣ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ውል ሲፈረም፣ ዐቢይ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ሲወጣ፣ እንዲሁም ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ። የመጨረሻው ቅጂ የታሰበውን ሳይሆን የተሠራውን ማሳየት አለበት። እያንዳንዱ ቅጂ ሦስት ነገሮችን ይያዝ። አንደኛው ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል ከተያያዥ ፋይሎቹና ከፊደል ቅርጾቹ ጋር ነው። ሁለተኛው ለረጅም ዘመን ጥበቃ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ/ኤ ነው፤ ይህ ዓይነት ፋይል የፊደል ቅርጹን በውስጡ ስለሚይዝ ከላይ የጠቀስኩት ችግር አይደርስበትም። ሦስተኛው የሶፍትዌሩን ዓይነትና ዘመን፣ ያጸደቀውን ኃላፊ፣ ቀኑንና የለውጡን ምክንያት የሚገልጽ አንድ ገጽ ነው። ከሦስቱ በጣም የሚናቀው ይህ ገጽ ነው፤ እኔ በጥናቴ ያጣሁት ግን እርሱን ነበር።

ሐሳቡን የሚቃወሙ ሁለት ምክንያቶች ያነሣሉ። አንደኛው አቅም ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበትና ኢንተርኔት በሚደክምበት ከተማ ማን ይህን ይሠራል? ነገር ግን የአንድ መካከለኛ ሕንፃ ሙሉ ቅጂ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ይገባል፤ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ማኖር ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሁለተኛው የአማካሪዎች ሥጋት ነው፤ ሊታረም የሚችል ፋይል ካስረከብን ሥራችን ያለ ፈቃዳችን ይገለበጣል ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ፋይሉን መከልከል ሳይሆን፣ ቅጂው ለጥገና፣ ለማስፋፋትና ለክርክር ማስረጃ ብቻ እንዲውል በውሉ ላይ መወሰን ነው።

መልካም ፈቃድ ብቻውን ይህን አያስፈጽምም። የየምዕራፉ ቅጂ ተሟልቶ መቅረቡ ለክፍያ ሰርተፍኬት ቅድመ ሁኔታ ቢደረግ የሥራ ተቋራጩም አማካሪው መሐንዲስም ለመዝገቡ ይተጋሉ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 አገሪቱ መዛግብቷን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለባት አስቀምጧል፤ የከተማ አስተዳደር የንድፍ ፋይልም እንደ ደብዳቤው ሁሉ መዝገብ ነው።

እኛ ተመራማሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የመመረቂያ ጥናታችንን በወረቀትና በአንድ ሲዲ አስረክበን ስንሄድ የሞዴላችን ዋና ፋይል ከላፕቶፓችን ጋር ይሄዳል። የትምህርት ክፍሎች ቢያንስ በሦስት ምዕራፎች፣ ማለትም የጥናት ሐሳቡ ሲጸድቅ፣ ትንተናው ሲያበቃና ጥናቱ በፈታኞች ፊት ሲጸድቅ፣ ቅጂ መቀበል ቢጀምሩ ከከተሞቻችን የምንጠይቀውን አስቀድመን በራሳችን ላይ እንፈጽማለን።