ለተጣሉ እንስሳት የሚለገስ ገንዘብ፦ መጠለያ ይሥራ ወይስ ክትባት ይግዛ?

ዘመኑን ሙሉ ውኃና ማገዶ ያመላለሰ አህያ ጀርባው ሲቆስል ወይም ገንዲ ሲያመነምነው መንገድ ዳር ይጣላል። ባለቤት የሌለው ውሻም የገበያ ትራፊ ለቃቅሞ ያድራል። በከተሞቻችን ይህ በታየ ቁጥር ቶሎ የሚነሣው ሐሳብ «መጠለያ ይሠራላቸው» የሚል ነው። ሐሳቡ ርኅራኄ አለው፤ ሒሳቡ ግን ከባድ ነው።

መጠለያ አንዴ ተገንብቶ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘውና ቦርን ፍሪ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያንቀሳቅሰው «እንሰሳ ኮቴ» ማዕከል ለዚህ ማሳያ ነው። ማዕከሉ ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎችና ከግለሰቦች እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል። ወደ ዱር መመለስ የማይችሉት ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ሥጋው፣ ጠባቂውና ሐኪሙ የየዕለት ወጪ ናቸው፤ ልገሳ ቢዘገይ አንበሳ አይጾምም።

ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው የብሪታንያው ዶንኪ ሳንክቿሪ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ይህ ድርጅት አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ሰዎች ከሚተዉለት ኑዛዜ ነው። በሀገሩ የተጣሉ አህዮችን እስኪሞቱ ያኖራል። በኢትዮጵያ ግን ትኩረቱን ያደረገው በሕክምና፣ ቁስልን በመከላከልና ባለቤቶችን በማሠልጠን ላይ ነው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም በሆነች ሀገር ሁሉንም ማስጠለል አይቻልም፤ ጤነኛ አህያን ግን ከቤቱ የሚያባርር የለም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳዩ ከቆላ ዝንብ ጋር ይያያዛል። ዝንቡ በሚያስተላልፈው ገንዲ የተያዘ አህያ እየከሳ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የሚጣለውም ያኔ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ ነገር ግን ያለ ባለሙያ ምክር ከመጠን በታች ሲወጋ በሽታው መድኃኒቱን እየተላመደ ይሄዳል። በመሆኑም ለአንድ በረት ግንባታ የሚወጣው ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለባለሙያ የመስክ ጉዞና ከጭነት ሥር ለሚነጠፍ ለስላሳ ንጣፍ ቢውል ብዙ አህያ ከመጣል ይተርፋል። ለታመመ እንስሳ ጥቂት ቀን ማገገሚያ የሚሆን ጥላ ግን አይጠላም።

የውሻው ጉዳይ የሰው ሕይወትም ነው። ሰዎችን ለሞት የሚዳርገው የእብድ ውሻ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውሻ ንክሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ይገታል። በመርዝ መግደል ግን ለጊዜው ቁጥር ቢቀንስም በጠፉት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በልገሳ ገንዘብ የአርብቶ አደሩን ውሾች ለዓመታት ሲከትብ የቆየው ቀበሮውን ለማዳን ቢሆንም ጥቅሙ ለነዋሪውም ደርሷል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሀገር ውስጥ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ፣ ገቢ ማስገኛ ሥራም እንዲሠሩ ይፈቅዳል። የአሶሳ ነዋሪዎች ተደራጅተው ለመጀመር ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድርጅት መጠበቅ የለባቸውም። የመጀመሪያው ግዢ ግን አጥርና ቆርቆሮ ባይሆን ይመረጣል። በቆላው ሙቀት ክትባት ሳይበላሽ ቀበሌ የሚደርሰው በማቀዝቀዣ ነው።