ከችግኝ መደብ እስከ ጉልት መደብ

መደብ የሚለው ቃል በገበሬውም በቸርቻሪዋም አፍ አለ። ለገበሬው መደብ ማለት የሽንኩርትና የቲማቲም ችግኝ የሚያፈላበት፣ አፈሩ የለሰለሰ መሬት ነው። ለጉልት ቸርቻሪዋ ደግሞ በሸራ ላይ አራት አምስት ፍሬ እየቆጠረች የምትደረድረው ክምር ነው። በምርምርና በኤክስቴንሽን ሥራ የተሰማራን ሰዎች የመጀመሪያውን መደብ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ግን ለቤታችን ወጥ ሽንኩርት ስንገዛ ካልሆነ በቀር ቀርበን አንመለከተውም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው፤ ይኸውም ገበያን መጎብኘት ማሳን እንደ መጎብኘት ሁሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መደበኛ ሥራ መሆን ይገባዋል የሚል ነው።

ወደዚህ አስተያየት ያደረሰን በአዳማ ከተማ፣ በአንድ ሠፈር ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ገበያ ያሳለፍነው አንድ ማለዳ ነው። ገበያይቱ ከመንገድ ዳር የተዘረጋ ሸራና ጥቂት የእንጨት መደርደሪያ ብቻ ናት። ከወንጂና ከመልካሳ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ምርታቸውን በጋሪና በባጃጅ አድርሰው፣ ከፊሉን ለጉልት ሴቶች ያስረክባሉ፤ የቀረውን ራሳቸው ለሠፈሩ ሰው ይቸረችራሉ። እኛም የሄድነው ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከማሳ ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ምን መልክ እንዳለው ለማየት ነበር።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሁለት ጆንያ ቀይ ሽንኩርት አውርዶ ቆሟል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ቸርቻሪ መጡና ከጆንያው ጥቂት ራስ አወጡ። መጠኑን አላዩም፤ ቀለሙንም አላዩም። አንገቱን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው መለሱት። «ወንድሜ፣ ይሄ አንገቱ ወፍራም ነው፤ ገና ውሃ አለበት። ሦስት ቀን አያድርልኝም» ብለው ወደ ሌላው ሄዱ። ሌሎቹም ሴቶች ተከትለው እንደዚያው አደረጉ። ገበሬው እስከ ረፋዱ ጠብቆ፣ በጎኑ ያለው ሰው ከሸጠበት በግማሽ ዋጋ አስረከበ።

ቀርበን ስናነጋግረው አልተቆጣም። «ማዳበሪያ ጨምር ተባልኩ፣ ጨመርኩ። ክብደት እንዲያነሣ አጠጥቼ ነቀልኩ። ምርቱማ መች አነሰ፤ እናንተም ያላችሁት እኮ ይወጣል ነው» አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። የተናገረው እውነት ነበርና።

ነገሩን በሙያችን ስንመረምረው ሴትዮዋ በጣታቸው ያወቁት በመጻሕፍት ካለው ጋር አንድ ነው። የሽንኩርቱ ራስ ማበጥ ከጀመረ በኋላ የሚጨመር ዩሪያ ቅጠሉን ያፋፋል፣ አንገቱን ያወፍራል፣ መብሰሉንም ያዘገያል። ወፍራም አንገት ቶሎ ስለማይደርቅ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን በዚያ በኩል ይገባሉ። እስከ ነቀላው ቀን ማጠጣትም ያንኑ ጉዳት ያባብሳል። ትክክለኛው አሠራር ዩሪያውን በጊዜው ከፋፍሎ ጨርሶ፣ ከነቀላው 2 ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ውሃውን ማቆም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተክል አንገቱ ታጥፎ ቅጠሉ ሲተኛ መንቀል፣ ከዚያም አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር አንገቱ እስኪደርቅ ማጠንፈፍ ነው። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ በጽሑፎቻችንም አለ። ለገበሬው ስንነግር ግን «ማዳበሪያ ጨምር» የሚለውን አጥብቀን፣ «ጊዜው ካለፈ ተው» የሚለውን አላልተን ነገርነው። በዚያ ማለዳ ዋጋውን የከፈለው እርሱ ነው።

የቲማቲሙም ነገር ከዚህ አልተሻለም። ጥልቅ በሆነ የእንጨት ሣጥን እስከ አፉ ተሞልቶ የመጣውን አንዲት ቸርቻሪ ገልብጠው በሦስት ክምር ለዩት። አንደኛው በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ለዕለቱ ወጥ በርካሽ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው የፈነዳና የተጨፈለቀ ነው፤ አብዛኛውም ከሣጥኑ ሥር የወጣ ነው። ከታች ያለው ፍሬ የላዩን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ ከጣውላው ጋር ሲፋተግ ነው የመጣው። የፈነዳው ፍሬ ደግሞ ጭማቂው ጤነኛውን ያረጥባል፣ ብስባሴውንም ያዛምታል። ያ ገበሬ በሽታና ተባይን ለወራት ተከላክሎ ያተረፈውን ፍሬ የጨረሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

እኛ በሙከራ ማሳችን ለገበያ የሚሆነውንና የማይሆነውን ምርት ለይተን እንመዝናለን። ነገር ግን የምንለየው በለቀማው ዕለት፣ በማሳው ዳር ነው። የጉልት ሴቶች የሚለዩት ደግሞ ከመንገዱ በኋላ ነው፤ የሚያስቡትም ስለ ሦስተኛው ቀን ነው። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል የሚጠፋው ምርት በእኛ መዝገብ ላይ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከገበሬው ኪስ ግን አልገባም።

ኤክስቴንሽናችን ገበያን የረሳበት ምክንያት አለው። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው እህሉን በኮታና በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት የገበያ ድርጅት ያስረክብ ስለነበር፣ ዋጋን መከታተል የልማት ሠራተኛው ጉዳይ አልነበረም። ኮታው ቀረ፤ ልማዱ ግን ከእኛ ጋር ቆየ። የዚህንም ልማድ ጉዳት በበቆሎ አይተነዋል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ቀንቶ፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ተዳርሶ ምርቱ በዛ። ዋጋው ግን እጅግ ወደቀና ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በተከታዩ ዘመን ብዙዎች ማዳበሪያ መግዛት ቀነሱ፤ በዚያው ላይ ድርቅ ተጨመረና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁን ያመጣው የዋጋ መውደቅ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ገበሬው ግን ድርቁን የተቀበለው ገበያው አስቀድሞ ካደከመው በኋላ ነበር።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ይህ የንግድ ቢሮ ሥራ ነው» ይላሉ። ንግድ ቢሮ ዋጋን ይከታተል ይሆናል፤ የሽንኩርቱ አንገት ለምን እንደወፈረ ግን ሊያስረዳ የሚችለው የግብርና ባለሙያ ነው። ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በደላላው ላይ ያደርጋሉ። ደላላው የገበሬውን ድርሻ እንደሚሻማ አንክድም። ሆኖም በዚያች ገበያ በሻጭና በገዢ መካከል ደላላ አልነበረም፤ ገበሬው ግን ግማሹን ዋጋ አጥቷል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከገበሬው የሚመጣ ነው፤ ዋጋ ሲወጣ ወይም ዕዳ ሲያስጨንቀው ሽንኩርቱን ሳይበስል ይነቅለዋል። ይህን በምክር ብቻ መከልከል አይቻልም። ያልበሰለውን በዚያው ዕለት ለቅርብ ገበያ እንዲያደርስ፣ በጆንያ አፍኖ እንዳያሳድር መንገር ግን ይቻላል።

ስለዚህ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚከተለውን እናሳስባለን።

1. በየ15 ቀኑ አንድ ማለዳ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ገበያ ሂዱ። የመጣውን ምርት ብዛት፣ የየደረጃውን ዋጋ፣ ተለይቶ የተጣለውንና የተጣለበትን ምክንያት መዝግቡ።

2. ስትሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ገበሬዎች አስከትሉ። ገበሬ ከእኛ ንግግር ይልቅ ቸርቻሪዋ በጣቷ ጫን አድርጋ ስትመልሰው ያየውን ያምናል።

3. የመዘገባችሁትን በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። እያንዳንዱንም ጉድለት በማሳ ላይ ከተሠራው ሥራ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ይህን እንላለን።

1. አባላት ችግኝ የሚያዛውሩበትን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት እያፈራረቁ እንዲተክሉ ተስማሙ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ከተከለ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይሸጣል፤ ዋጋውም በዚያው ሳምንት ይወድቃል።

2. ምርት ከመጫኑ በፊት በጥላ ሥር በደረጃ ይለይ። ክፍያውም በደረጃው ይሁን። ጥሩ የለየ አባልና ያልለየ አባል እኩል ከተከፈሉ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይለይም።

3. ለቲማቲም ጥልቀቱ ያነሰ፣ ውስጡ የለሰለሰ፣ አየር የሚያስገባ ሣጥን በጋራ ግዙ። ለሩቅ ገበያ የሚላከው ፍሬ ቀለሙን መለወጥ ሲጀምር ይለቀም፤ ለሠፈር ገበያ የሚሆነው ሊቀላ ይችላል። ለቀማውም ፀሐይ ሳይከር በማለዳ ይሁን።

4. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሚካሄዱት የእሑድ ገበያዎች ስትሳተፉ የማኅበራችሁ ስም ከሣጥኑ ጋር እንደሚሄድ አትርሱ። አንድ ጊዜ ከሥር የተጨፈለቀ ቲማቲም የገዛ ሸማች ተመልሶ አይመጣም።

ይህን ለሌላው ብቻ አንተውም። እኛም በምርምር ጣቢያ ያለን ሰዎች የአትክልት ዝርያና የማዳበሪያ ሙከራ ስናካሂድ፣ ከምርቱ ጥቂቱን እንደ ገበሬው ጭነን፣ ከሦስትና ከአምስት ቀን በኋላ የቀረውን መመዘን አለብን። የመለየቱንም ሥራ ለጉልት ሴቶች ብንሰጥ አናፍርበትም። የአንገቱን ነገር ከእኛ በፊት ያወቁት እነርሱ ናቸው።

ያ ገበሬ ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ወደ ባጃጁ ሲመለስ፣ «በሚቀጥለው ዘር ልተወው ወይስ ልትከል?» ሲል ጠየቀን። ትከል አልነው፤ የዩሪያውን ጊዜ፣ ውሃው የሚቆምበትን ቀንና የጥላውን አሠራር በወረቀት ጽፈን ሰጠነው። ይህን ወረቀት ሊያገኝ ይገባው የነበረው ግን ሽንኩርቱን ከመንቀሉ በፊት፣ በማሳው ላይ ሳለ ነበር።