በሣጥን ስለ ተያዘች እንሽላሊት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚያድጉ ልጆች ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት ይዘው በጣሳ ወደ ቤት ማምጣት ይወዳሉ። ልጁ ጣሳውን ከደጅ ፀሐይ ላይ አኑሮ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሲመለስም ሞታ ያገኛታል። የሞተችበትን ምክንያት የሚነግረው ሰው ካላገኘ በማግሥቱ ሌላ ይይዛል። በዚህ ወር ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 እንሽላሊትን ከማይበሉት ፍጥረታት ጋር እንደሚቈጥራት የታወቀ ነው። ነገር ግን ለመብል አትሁን ተባለ እንጂ ትሠቃይ አልተባለም።

እንሽላሊት እንደ ሰውና እንደ በግ ሰውነቷን ከውስጥ የምታሞቅበት ኃይል የላትም። ሲበርዳት ወደ ፀሐይ ትወጣለች፤ ሲግላት ከድንጋይ ሥር ትገባለች፤ እንዲህ እየተመላለሰች ሰውነቷን በ35 ዲግሪ ገደማ ታቆየዋለች። ብርድ ከጸናባት የዋጠችው አንበጣ ሳይፈጭ ከሆዷ ይበሰብሳል። ሰውነቷ ወደ 45 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ትሞታለች። እንግዲህ በጣሳው ውስጥ የገደላት ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን መሸሻ ማጣቷ ነው። የመስተዋት ሣጥንም ፀሐይ ላይ ከዋለ ከጣሳው አይሻልም።

አርጃኖ ለእንቍላሏ የምታደርገው ያስደንቃል። ዝናብ ኩይሳውን ሲያለሰልሰው ቆፍራ ከውስጡ ትጥላለች፤ ምስጦቹም ለራሳቸው ቤት ሲሉ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል። በኩይሳው ውስጥ ያለው ሙቀት ቀንና ሌሊት ብዙ ስለማይለዋወጥ እንቍላሉ ያለ እናት ወራት ቈይቶ ይፈለፈላል። እንቍላል ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ አንድ ዓይነት ሙቀት ይበቃዋል፤ እግር ላላት እንሽላሊት ግን ሁለት ስፍራ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ልጁ ጥቂት ቀን ሊያያት ከፈለገ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ሣጥን ይዘጋጅ፤ ክዳኑም ወንፊት ሽቦ ይሁን። በአንዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥ፤ አምፑሉም እንዳያቃጥላት ከሽቦው በላይ፣ እንጨቱንም ሳይነካ ይንጠልጠል። የድንጋዩ ገጽ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ጥላውና የውሃው ሳሕን ያሉበት ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 28 እንዲሆን በሙቀት መለኪያ ይታይ። መለኪያውን ከመካከል ብቻ ማኖር ያሳስታል፤ በሁለቱም ጫፍ ይለካ። ሲመሽ አምፑሉ ይጥፋ። በጥር ወር የባሕር ዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ሣጥኑ ከቤት ውስጥ ይደር፤ የምትገባበትም አፈርና የዛፍ ቅርፊት ይኑራት።

አርጃኖን ግን፣ ግልገልም ብትሆን፣ ልጆች አይያዙ። ስታድግ እስከ 2 ሜትር ትደርሳለች፤ ትነክሳለች፤ በጅራቷም ትገርፋለች።

እንሽላሊቷ የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስ ልጁ ከያዘበት ድንጋይ ላይ ይልቀቃት። ይህም ድንጋዩ ሲሞቅ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ግድም ይሁን። ማታ የተለቀቀች እንደ ሆነ ብርዱ ሰውነቷን ስለሚያደነዝዘው ከድመትና ከወፍ ለመሸሽ አትችልም።