አንድ ማዕርግ በብዙ ሚዛን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከጊንጪ ይደርሳል። መንገዱ አንድ ነው። በግራና በቀኝ የሚታዩት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት የአንድ አገር ልጆችን ነው፤ በ12ኛ ክፍል መጨረሻም ሁሉም የሚፈተኑት አንድ አገር አቀፍ ፈተና ነው። ትምህርት ቤቶቹን የሚመሩት ሰዎች የድካማቸውን ዋጋ የሚያገኙት ግን በአንድ ሚዛን አይደለም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህ ነገር ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንለይ። የመምህርና የርእሰ መምህር ደመወዝ መሠረት በአገር ደረጃ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ በመነሻው ላይ ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም። ልዩነቱ የሚገባው ከመሠረቱ በላይ በሚጨመረው አበልና ደመወዙ በሚደርስበት ቀን ነው። አዲስ አበባ ለመምህራኗ የቤት አበል ቆርጣ ስትሰጥ፥ የገጠሩ ርእሰ መምህር የሚያገኘው እንደ ወረዳው ካዝና ዐቅም ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያና በሌሎችም ትልልቅ ክልሎች ወረዳው ከክልሉ ጥቅል በጀት እየተቀበለ፥ የራሱንም ገቢ እየጨመረ ደመወዝ ከፋይ ሆኗል። ከዚህም በጀት አብዛኛው ለመደበኛው ደመወዝ ስለሚውል ለአበል የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ ቀድሞ ዲሬክተር እንለው የነበረው ሰው ኑሮው የሚወሰነው በችሎታው ወይም በትጋቱ ሳይሆን በተመደበበት ካዝና ውፍረት ሆነ ማለት ነው።

እኔ በጽሕፈት ቤት መዝገብ በመያዝ የምኖር፥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን የሚታየውን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም። ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ ርእሰ መምህር ከዋናው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት መሩ። መምህር ሲቀር ክፍል ይገባሉ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ወላጅ ሰብስበው ቆርቆሮ ያሰባስባሉ፤ ለመንግሥት ጉዳይ ከተማ ሲወርዱ የመጓጓዣውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። በመጨረሻ ወደ ዋናው ከተማ ሄደው ተወዳደሩና ተራ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። «ማዕርግዎን ጥለው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ማዕርግ የቤት ኪራይ አይከፍልም» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ በሁለት ዓመት ሦስት ርእሰ መምህር ለዋወጠ። የከሰረው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አንዳንዶች «የከተማ ኑሮ ውድ ነው፤ የከተማው ቢበልጥ ምን ይደንቃል?» ይላሉ። የከተማው ይቀነስ ያለ የለም። ነገር ግን የገጠሩም የራሱ ወጪ አለው። ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከተማ ቤት ይከራይለታል፤ ሲታመም ሐኪም ፍለጋ ይጓዛል፤ ጤፍ በሚበቅልበት አገር ተቀምጦ ጤፍን በገበያ ዋጋ ይገዛል። ለበረሃ ሙቀት አበል ያሰበ መንግሥት ለርቀት ማሰብ እንዴት ያቅተዋል?

ሌሎች ደግሞ «ክልል ራሱን ያስተዳድራል፤ እንደ ዐቅሙ ይከፍላል» ይላሉ። ራስን ማስተዳደር መልካም ነው። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የሠራተኞቻቸውን አስተዳደር ሕግ እንዲያወጡ ሥልጣን ሲሰጥ፥ ለሥራ መደብ የሚጠየቀው የትምህርትና የልምድ መመዘኛ ከአገር አቀፉ ጋራ የተቀራረበ እንዲሆን አዟል። መመዘኛው ከተቀራረበ ዋጋው ስለ ምን ይራራቃል? ሲጠይቁ አንድ፥ ሲከፍሉ ብዙ መሆን ፍትሕ አይደለም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል፥ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ የሚሰበስብ ብዙ፥ ጥቂት የሚሰበስብ ጥቂት የሚያገኝበት አሠራር ደካማውን አያነሣም። ጃፓን ይህን አስተውላ በ1946 ዓ.ም. የሩቅ ስፍራ ትምህርትን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች፤ በዚሁ ሕግ በተራራና በደሴት ለሚያገለግሉ መምህራንና ርእሳነ መምህራን እንደ ስፍራው ርቀት ደረጃ ወጥቶ አበል ይከፈላቸዋል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን መሠረቱ ከፍ ስላለ ሚዛኑ አልተስተካከለም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ የርእሰ መምህር አበል በተማሪው ብዛትና በስፍራው ርቀት ተለክቶ፥ ሁሉም በሚያየው ሠንጠረዥ ይውጣ። ሁለተኛ፥ የወረዳው ካዝና ሲጎድል ጉድለቱን ከበላዩ ያለው መንግሥት ይሙላ። ሦስተኛ፥ የደመወዝ ቀን ለከተማውም ለገጠሩም አንድ ይሁን።

ይህን የምንለው ለርእሰ መምህሩ ብቻ አዝነን አይደለም። እሱስ መንገዱን ይዞ መሄድ ይችላል። የማይሄደው በደንዲ ገጠር ደወል ሰምቶ የሚሮጠው ሕፃን ነው፤ እሱም ካዝና መርጦ አልተወለደም።