ዘበኛውን ተሸክሞ የሚያወጣው ኩሊ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከወትሮው ለየት ይላል። የፍቅር ጉዳይ አይደለም (ለአንድ ሳምንት ታገሱን)። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ዋሽንግተን የሚኖሩት አጎቷ የአጥንት መቅኒ ካንሰር ይዟቸዋል፤ ሐኪሞቹ መልቲፕል ማየሎማ የሚሉት ነው። ሌላው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል አሁን ሴሊኔክሶር የሚባል ክኒን ጀምረዋል። «ምግብ ዘጋኝ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ ይላሉ። እናቴ በስልክ እያለቀሰች ‹ተወው፣ መርዝ ነው የሰጡህ› ትላቸዋለች። አክስቴ ደግሞ ቅጠል ቀጥቅጣ ልትልክላቸው ነው። እሳቸው ‹የሴሉን በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው አሉኝ› ብለው ይስቃሉ። እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ? ወይስ እያታለሏቸው ነው?» ትላለች።

አለ እህቴ! ነገሩ እንዲገባሽ ትምህርት ቤት ደብተራችን ላይ የሣልናትን ሴል አስታውሺ። መሃሏ ላይ ያለችው ክብ ነገር ኒውክለስ ናት። ያኔ ዙሪያዋን በአንድ መስመር አጥረን አለፍን እንጂ አጥሩ በር አለው፤ ያውም በሺህ የሚቆጠር። ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በእነዚህ በሮች እንዳሻቸው አይመላለሱም፣ ተሸካሚ ይፈልጋሉ። ወደ ውጭ ከሚያወጡት ተሸካሚዎች ዋነኛው ኤክስፖርቲን 1 ይባላል። ከ200 በላይ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ያወጣል።

እንግዲህ የመርካቶ ኩሊ በሉት። ዕቃውን የሚያነሳው «የሚወጣ» የሚል ምልክት ሲያይበት ነው። ብቻውንም አያነሳም፤ ራን የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ነዳጇን ሞልታ አብራው መያዝ አለባት። በሩን አልፈው ሲወጡ የራን ነዳጅ ይቃጠላል፣ ጭነቱ ይራገፋል፣ ኩሊው ባዶውን ይመለሳል። ጭነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ችግሩ ከሚወጡት መካከል ዘበኞችም መኖራቸው ነው! ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ኒውክለስ ውስጥ ሆኖ ዲ.ኤን.ኤው የተጎዳበትን ሴል «ቁም፣ እንዳትራባ» ይለዋል፤ ጉዳቱ ከባሰም ራሱን እንዲገድል ያዘዋል። ጤነኛ ሴል ውስጥ ዘበኛው ይገባል፣ ይወጣል፣ ጣጣ የለውም። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ግን ኤክስፖርቲን 1 ከመጠን በላይ ይመረታል። ዘበኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል አንስተው ያወጡታል። (በብዙ ካንሰር ዘበኛው ራሱ የተበላሸ ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) እኔን የገረመኝ ግን ይሄኛው ነው፤ ዘበኛው ሳይሞት፣ ሳይታመም፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ቤቱ ይዘረፋል!

ኩሊውን የማስቆም ሙከራ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች በ1980ዎቹ ከአፈር ባክቴሪያ ሌፕቶማይሲን ቢ የሚባል ነገር አግኝተው ነበር። በሰው ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፤ ሕመምተኞቹን ምግብ እምቢ አላቸው፣ አቅም አሳጣቸው፣ ስለዚህ ተተወ። ጉዱ ደግሞ፣ መድኃኒቱ የሚይዘው ፕሮቲን ይህ ኩሊ መሆኑ የለየለት በዓመቱ፣ በ1997 ነው። ሌፕቶማይሲን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሴሊኔክሶር እዚያው ቦታ ይይዝና ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ጤነኛው ሴል ትንፋሽ የሚያገኘው በዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጁላይ 2019 ለዚሁ ለአጎትሽ በሽታ ፈቀደው።

ተአምር ነው ወይ? አይደለም። ሌላው ሁሉ እምቢ ባላቸው 122 ሕመምተኞች ላይ በተደረገው ጥናት ጥሩ ምላሽ ያገኙት 26 በመቶ ናቸው። ምግብ መዝጋቱ፣ መክሳቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ድካሙ፣ በደም ውስጥ ፕሌትሌትና ሶዲየም ማነሱ የታወቁ ጠባዮቹ ናቸው፤ ጤነኛውም ሴል የሚጠቀመው በዚያው ኩሊ ነዋ! ስለዚህ እናትሽ የፈሩት ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ተወው» ማለት ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች መጠኑን ይቀንሳሉ፣ ለጊዜው ያቋርጡታል፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት አስቀድመው ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ጥናት በሳምንት ሁለቴ የሚዋጠው ክኒን በኋላ በ402 ሰዎች ላይ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በሳምንት አንዴ ተሰጥቶ፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየበትን ጊዜ ከ9.5 ወደ 13.9 ወር አድርሶታል።

በሚቀጥለው ስትደውሉ ስልኩን ከእናትሽ ቀድመሽ ያዢ። በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚወስዱት? ኪሎዎ መቀነሱን ለሐኪሙ ነግረዋል ወይስ «ደህና ነኝ» ብለው ወጡ? ሶዲየምዎ መቼ ተለካ? የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ጨዋነት ይይዘውና ሕመሙን ለዘመድ ስልክ ያስቀምጠዋል። ማዞር ወይም ነገር መዘበራረቅ ከጀመራቸው ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያኑዕለት ይሂዱ። የአክስትሽን ቅጠል ሐኪማቸው ሳያየው እንዳይቀምሱት። በሶውና ጭኮው ግን ቶሎ ይላክ።