የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሰሌዳውና ሰዓቱ

በ3 ደቂቃ የኦንላይን ቼዝ የክለብ ተጫዋችን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ተጋጣሚው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ገና በአሥረኛው እርምጃ 40 ሰከንድ ሲያስብ ይቆይና መጨረሻ ላይ ንግሥት ተርፋው እያለ ማት ለማድረግ ጊዜ ያጥረዋል። ይህ እትም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። ፍጥነት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ባህላዊ ቼዝ በሆነው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይጫወቱ ነበር፣ ወረራ ይሉታል።

በእኔ እምነት በየእርምጃው 2 ሰከንድ የሚጨመርበት፣ የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮናም የሚካሄድበት የ3 ደቂቃ ጨዋታ፣ ጭማሪ ከሌለው ይልቅ ያስተምራል፤ በ40 እርምጃ 80 ሰከንድ ይገኝበታል። የቼዝ ድረ ገጹ ሊቼስ የተጫወትነውን በነጻ ይመረምርልናል፤ ብዙዎቻችን ግን ሳናየው ሌላ ጨዋታ እንጀምራለን። እባካችሁ፣ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት የመጨረሻ ሽንፈታችሁን ክፈቱና ሰዓታችሁ የት እንደባከነ ተመልከቱ።