የድመት ግልገል ዓይን ለምን ቀለም ይለውጣል?



በዚህ ወር ዓምዳችን ከየቤታችን ስለማትጠፋው ድመት እናወጋለን። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሽላውና ማሾው ተወቅቶ ቤት ሲገባ አይጥም ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ድመት በዚያ አገር ለጌጥ አትያዝም፤ የእህል ዘበኛ ናት።

እስቲ ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ድመት ወለደች እንበል። ግልገሎቿ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ይወለዳሉ፤ የሚገልጡት ባብዛኛው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ልጆች ቸኩለው በጣታቸው ሊገልጡላቸው ቢሞክሩ ዓይኑን ይጎዳሉና ወላጆች ይከልክሏቸው። ከተገለጠ በኋላ አይናር ቢያጣብቀው፣ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀስታ መጥረግ ነው። መግል ከያዘ ግን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ዓይናቸው ሲገለጥ የሁሉም ሰማያዊ ነው። ወር ተኩል ገደማ ሲሆናቸው ታዲያ ልጅ፣ «እማዬ፣ ድመታችንን ሰው ለወጠብን!» ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ማንም አልለወጣትም። ሰማያዊው ቀለም ራሱ የቀለም ንጥረ ነገር አይደለም፤ ሰማይ ሰማያዊ መስሎ እንደሚታየን ሁሉ የብርሃን መበተን ያመጣው ነው። በብሌኑ ዙሪያ ባለው፣ አይሪስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ሜላኒን የተባለው ቀለም መፈጠር ሲጀምር ሰማያዊው እየጠፋ ይሄዳል። ሜላኒኑ ጥቂት ከሆነ ዓይኑ አረንጓዴ፣ ከበዛ ቢጫ፣ በጣም ከበዛ እንደ መዳብ ይሆናል። ባብዛኛው በ3 ወይም በ4 ወር ይረጋል።

አድገውም ዓይናቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚቀር ድመቶች አሉ። የሳያም ዝርያ አንዱ ነው፤ ደኅና ይሰማል። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነችው ድመት ነገር ግን የተለየ ነው። ጠጕሯን ነጭ ያደረገው ውርስ ቀለም ሰጪ ሕዋሳትን ያጠፋል፤ እነዚሁ ሕዋሳት ለውስጥ ጆሮም ያስፈልጋሉ። በጥናቶች መሠረት ሁለቱም ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆነ 100 ነጭ ድመቶች ከ65 እስከ 85 የሚሆኑት አይሰሙም። አንዱ ዓይናቸው ብቻ ሰማያዊ ከሆነው ደግሞ ወደ 40 የሚጠጉት አንድ ወይም ሁለቱም ጆሯቸው አይሰማም፤ ብዙውን ጊዜ የማይሰማው በሰማያዊው ዓይን በኩል ያለው ጆሮ ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ነጯ ድመት ስትጠራ ባትመጣ «እልኸኛ ናት» ተብላ ትመታለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የከባድ መኪና ጡሩንባ ለእርሷ ምንም አይደለም። ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሳታያችሁ ከኋላዋ ሆናችሁ ወረቀት አንኮሻኩሹ፤ መሬቱን ግን አትርገጡ፣ ንዝረቱ ይሰማታልና። ጆሮዋን ካላዞረች አትሰማም ማለት ነው። እንዲህ ያለችዋን ከግቢ እንዳትወጣ ጠብቋት፤ ከፊት ለፊቷ ቅረቧት፤ ስትጠሯት መሬቱን በእግራችሁ መታ አድርጉ። በዓይኗና በጢሟ እየታገዘች አይጥ ትይዛለችና «አትረባም» ብላችሁ ጫካ አትጣሏት።

ያደገች ድመት ዓይን በድንገት ቢቀላ፣ ቢደፈርስ ወይም ቀለሙ ቢለወጥ ግን ይህ የዕድገት ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

ታላቁ ሰሓባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ይህን መጠሪያ ያገኙት ከሚወዷት ትንሽ ድመት እንደሆነ እናውቃለን። ድመት አስራ፣ ሳታበላትና ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የሚናገረውንም ሐዲስ ሰምተናል። የማትናገርን ፍጥረት ችግር ቀርቦ መረዳት የእዝነት መጀመሪያ ነው። ለልጆቻችንም ይህን እናስተምር።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።